የጂግሶ አሜን

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። ልጆቹ የምለው የልጄን ልጆች ነው፤ ትልቋ ሐና ናት። በቀደም ከቡሌ ስልክ ተደውሎ ጂግሶ ማረፉ ሲነገረኝ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ሐና ደንግጣ ዘመድሽ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት። ታዲያ ምንሽ ነው? ሞተር ሳይክል ያስተማረኝ ሰው ነው ስላት፣ ዕንባዬን እያየች ሳቋ አመለጣት። ወንድሞቿን ጠራች፤ እነሱም ሳቁ። አልፈርድባቸውም። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ የምይዝ፣ ባጃጅ ሲታጠፍ ዓይኔን የምጨፍን አሮጊት፣ ሞተር ነድቻለሁ ብል ማን ያምነኛል።

ሳቁ ሲያልፍላቸው ግን ሐና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

“እንዲህ የምታለቅሺለት ሰው ከሆነ፣ እዚሁ ቅርብ እያለ አንድ ቀን እንኳ ለምን ሄደሽ አላየሽውም?”

 በማግስቱ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ መልሱ በአፍ የሚነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ሰላም ናት፣ ታማ በተኛችበት ዘመን። ቁጥር የለየሁት ደግሞ ከመርፌ ላይ ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል እንደ እግሬ ቁጠሩት፤ እግሬም እንደዚያው ነው።

ለሐና መልሱ ይኸውና። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጂግሶን ያላየሁት፣ ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ አምን ስለነበር ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከዲላ ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነበር። አባቴ ከሰሜን የመጣ አናጢ ነው፤ እኔ ዲላ ተወልጄ ቡሌ ተዳርኩ። ባሌ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ሰላም አራት ዓመቷ ሳለ ሞተብን። ትልቁ ልጄ፣ የእነሐና አባት፣ ዲላ ወርዶ ሥራ ያዘ። እኔና ሰላም ቀረን። እኔ ገበያ ቅቤና ገብስ እሸጣለሁ። ቡሌ ብርድ ነው፤ ጉም የወረደ ቀን ጎረቤትህን በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለየውም። ጌዴኦኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ገበያተኛው ስለሚስቅብኝ በአማርኛ እመልሳለሁ። ጂግሶም ለእኔ ሲል በአማርኛ ያወራኛል። የእሱ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ይላል። ሞተሩ ላይ ብቻ ተሳስቶ አያውቅም። እሷን ሁልጊዜ “አንቺ” ነበር የሚላት።

ቁመቱ መለሎ ነው። ሞተሯ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ወዲህና ወዲያ እንደ ፌንጣ ይወጣሉ። ሞተሯ ቀይ ናት፤ መቀመጫዋ ተቀዶ በበሬ ቆዳ ደርቦታል፣ ከነፀጉሩ። ጠዋት ጠዋት “አደርሽ?” ይላታል፣ በቀጭን ድምፅ ደግሞ ራሱ “ደህና” ብሎ ይመልሳል። የራስ ቆብ አለው፣ ሞተረኞች የሚያደርጉትን ድፍን ቆብ፤ ግን ራሱ ላይ አድርጎት አይቼው አላውቅም። መሪው ላይ አንጠልጥሎ እንቁላል ይጭንበታል። ምነው ብለው ትራፊክ ሲቆጡት፣ የእኔ ራስ ቢሰበር ይገጥማል፣ እንቁላል ግን አይገጥምም አላቸው ይባላል። ከቡሌ ዲላ፣ ከዲላ ቡሌ ሰው፣ ገብስና ቆጮ ያመላልሳል። ፍየል እንኳ ከኋላው አስቀምጦ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ፍየሏ ከእኔ በላይ ተረጋግታ ነበር።

ሰው ያለውን ቃል እንዳለ ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ አንድ ቅቤ ነጋዴ በሆነ ነገር ተበሳጭቶ “ተወው፣ ሆድ ይፍጀው” ሲል ሰማው። ጂግሶ ሄዶ ከቤቱ የተልባ ውኃ ይዞለት መጣ፤ ሆድ ሲፈጅ ይሄ ጥሩ ነው፣ ጠጪ አለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጂግሶ ለምን እንደተሳቀ አልገባውም፤ ሰዎቹ ስለሳቁ ግን አብሮ ሳቀ።

ሰላም አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ከሳች። ውኃ በጆግ ትጠጣለች፣ አይበቃትም። ደጅ ስትሸና ጉንዳን ይሰበሰባል። ዲላ ሆስፒታል ወስጄያት ስኳር ነው አሉኝ፤ ጠዋት አንድ መርፌ፣ ማታ አንድ መርፌ፣ እስከ ዕድሜዋ ልክ። መድኃኒቱ ሙቀት ከነካው ይበላሻል ተባልኩ። እኔ ቤት ማቀዝቀዣ የት አለ? ነርሷ ዘዴ አሳየችኝ፤ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን አርሶ፣ ብልቃጡን እዚያ ውስጥ መቅበር ነው። መርፌው ላይ ያለውን ጭረትና ቁጥር በጣቷ እያሳየች አስጠናችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሚዛን ስይዝ ቁጥር በልቤ ነበር፤ በዓይኔ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በየወሩ መድኃኒቱን የሚያመጣልን ጂግሶ ነበር። የሰላምን ካርድ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅና በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በዚያ ቆብ ውስጥ ከእንቁላሉ ቦታ አድርጎ ይዞልኝ ይመጣል። ደጃፌ ላይ ሲደርስ “የሰላም እናት፣ የሰላም ዕድሜ መጣ” ይላል። ይቺን ቃል ሳይለኝ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ዓመት እንዲህ ሄደን፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን መጣ። ግማሽ ጎኑ በሙሉ ጭቃ ነው፣ ጉንጩ ተልጧል። ብልቃጦቹን በደረቱ ይዟቸዋል፣ ደህና ናቸው። ወደቅህ ወይ አልኩት፤ መንገዱ ወደቀ አለኝ። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ። ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዲህ አለኝ።

“የሰላም እናት፣ ከእንግዲህ እኔ አያመጣም። አንተ ይማር። ሞተር እኔ ይሰጣል።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ለምን የለውም አለኝ። ምን በደልኩህ አልኩት፤ ምንም አለኝ። ለመንኩት። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በቅሎ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም፣ ባል የለኝም፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩት። ሰው ብዙ ይላል፣ ልጅ ግን አንድ ነው አለኝና ሄደ።

ገብስና ሰው መጫኑንም እንደተወ ሰማሁ። ሰው የመሰለውን አወራ፤ አንዱ ስለት ገብቶ ነው አለ፣ አንዱ ሰነፈ አለ። እኔ ደግሞ የመጣልኝን መኪና እየተሳፈርኩ ሁለት ወር መድኃኒቱን ራሴ አመጣሁ። ክረምት የቡሌን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ስሄድ ሁለት ቀን ቀረሁ፣ ሰላም ጎረቤት ቤት ሆና ጠበቀችኝ። የዚያን ጊዜ ነው ልቤ የወሰነው። ገበያ በማይውልበት ቀን ከከብት ተራው ጀርባ ካለው ሜዳ ሄጄ ጂግሶን አገኘሁት። ከቀሚሴ ሥር የልጄን ያረጀ ሱሪ ታጥቄያለሁ።

መጀመሪያ ያስተማረኝ መውደቅን ነው። ሞተሯን ቆማ እያለች አስደግፎኝ፣ በዚህ በኩል ስትወድቅ እግርህን እንዲህ አውጣ እያለ ደጋግሞ አስወደቀኝ። ከዚያ ግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ ቀኝ እጅ ነዳጅ፣ ግራ እግር ማርሽ፣ ቀኝ እግር ፍሬን። እኔ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብ የት ለምጄ። ሞተሯ ተነሳች፣ እኔም ላይዋ አለሁ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ “ልቀቅ!” አለኝ። የቱን? “ልቀቅ!” ይለኛል ደግሞ። ግራ ገብቶኝ ሁሉንም ለቀቅሁ፣ መሪውንም ጭምር። ሞተሯ ዘላ ሄዳ የሰው እንሰት ውስጥ ገባች፤ እኔ አጥሩ ላይ ቀረሁ። ጂግሶ እየሮጠ መጣ፤ እኔን አልፎኝ ሄደ። ሞተሯን አንስቶ ሳልባቲዮዋን፣ የነዳጅ ቋቷን፣ በእጅጌው ጠረገላት፣ የልጅ ንፍጥ እንደሚጠረግ። “ተጎዳሽ?” አላት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ “አንተስ?” አለኝ።

አጥሩ ላይ እንዳለሁ ሳቅሁ። ሰላም ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ዘዴ አወጣን። ግራ እጄ ቅቤ፣ ቀኝ እጄ ገብስ ተባለ፤ ሁለቱንም ስሸጥ ስለኖርኩ አልስታቸውም። “ቅቤ ቀስ አድርገህ ልቀቅ፣ ገብስ ጨምር” ሲለኝ እጆቼ ሰሙ። ገበያ ላይ ሴቶቹ ሰምተውን ለወራት ቀለዱብኝ፤ አስካለ ባል ብታጣ ሞተር አገባች፣ ሽማግሌው ጂግሶ ነው አሉ። ይበሉ።

መንገድ ሲያወጣኝ ከኋላዬ ይቀመጣል። ሐሜት እንዳይበዛ በመካከላችን ግማሽ ጆንያ ገብስ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ አንድ ደንብ ነበረው፤ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። ድንጋይ በግራ፣ እላለሁ። ኩሬ። ሁለት አህያ። ሴትዮ እንጨት ተሸክማ። ዝም ካልኩ ጀርባዬን በጣቱ ይመታኛል፤ “ተናገር፣ ምን አለ?” ይላል። እንዲህ እያልን በዲላው መንገድ ላይ እስካለው ድልድይ ወርደን እንመለሳለን። ስፈራ ደግሞ ፍራ ይለኛል፤ “ፍራ፣ ፈሪ ሰው ቤቱ ይገባል።” ሌላው መምህር ሁሉ አትፍሪ ነው የሚለው። ፍራ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን የማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ኅዳር ነበር። ቡናው ደርሶ የቡሌ ሞተረኛ ሁሉ ቡና ሊያመላልስ ወደ ጨለለቅቱ ወርዷል። ያለወትሮው ዝናብ ገባና ቀን ከቀን ጣለ። ድልድዩ ጋ መሬቱ ተንዶ መኪና አያሳልፍም ተባለ። በዚህ መካከል፣ እኔ ገብስ ሳሰጣ፣ ጥጃው ቤት ገብቶ ማሰሮዬን ገለበጠው። ሁለት ብልቃጥ ነበረኝ፤ ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ተሰበሩ። አሸዋውን በእጄ አፈስኩ፤ አሸዋ ጨምቄ መድኃኒት ላወጣ። አእምሮዬ እንደዚያ ሆኖ ነበር።

ያን ዕለት ሰላም ውኃ ውኃ አለች። በማግስቱ ጠዋት ታስመልስ ጀመር። ትንፋሿ ረጅምና ከባድ ሆነ፣ አፏ እንደበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ውኃ ሰቀለችላት፤ ኢንሱሊን ግን እነሱ ጋ አልነበረም። ነርሷ ወደ በሩ ወስዳኝ፣ እትዬ አስካለ፣ እስከ ማታ መድኃኒቱ ካልደረሰ አለችና ወደ ሰላም ተመለሰች። 

በጉሙ ውስጥ እየሮጥኩ ጂግሶ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቃጫ ይፈትላል፤ ገመድ። ቀና ሳይል በኮቴዬ አወቀኝ፣ “የሰላም እናት” አለኝ። ነገርኩት። እጁ ቆመ። ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣና ዘረጋልኝ።

“አንተ ሂድ” አለኝ።

“ጂግሶ፣ በጉምና በጭቃ እኔ መቼ ነድቼ አውቃለሁ? እስከ ድልድይ ብቻ ነው የወሰድከኝ። አንተ እኮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላህ ደርሰህ ትመለሳለህ።”

“እኔ ከሄደ መድኃኒት አይመጣም።”

“ልጄ እየሞተች ነው።”

“ያውቃል። አንተ ሂድ።”

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፣ እግሩን ያዝኩት። ጤነኛ ሰው፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ ሞተሩ እደጁ የቆመች፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ገመድ ይፈትላል። እኔ መጮህ አልችልም፤ ሲከፋኝ ድምፄ ይበልጥ ይቀንሳል። ሰው ረግሜም አላውቅም ነበር። እናቴ እርግማን ከአፍ ከወጣ ማረፊያ ሳያገኝ አያድርም ትል ነበርና እፈራለሁ። ያን ቀን ግን እግሩን እንደያዝኩ፣ እያለቀስኩ፣ ቀስ ብዬ፣

“ዓይንህ ይፍሰስ” አልኩት።

ጂግሶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

“አሜን” አለ። በመዳፎቹም ፊቱን ዳበሰ።

 በእኔ ላይ ማላገጡ ነው ብዬ ቁልፉን ነጥቄው ተነሳሁ።

መንገዱን ብዙም አላስታውሰውም። የማስታውሰው ድምፄን ነው፤ ከኋላዬ ሰው ሳይኖር ጉሙ ውስጥ ድንጋይ፣ ኩሬ፣ ገደል በቀኝ እያልኩ ስጮህ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ እግሬን እንዳስተማረኝ አወጣሁ። ድልድዩ ጋ ቆመው የነበሩ ገበሬዎች ሞተሯን በናዳው ላይ ተሸክመው አሻገሩልኝ። ወደ ታች ስወርድ ጉሙ ቀረ፣ ቡናው መጣ፣ ሙቀት ፊቴን ነካው። ዲላ አስፋልቱ ላይ ስደርስ የጭነት መኪኖቹን አይቼ ወረድኩና ሞተሯን እየገፋሁ እስከ ሆስፒታሉ ሄድኩ፤ በጭቃው የመጣሁ ሴት አስፋልት ፈራሁ። ካርዱ ረጥቦ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ካርዱን እፍ እፍ እያለ አደረቀው፤ እኔ በልቤ ቶሎ፣ ቶሎ እላለሁ። ስመለስ ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሯ ጠፋችብኝ። ካንዴላውን፣ እሳት የሚያስነሳውን ዕቃ፣ ፈትቼ በቀሚሴ ጠርዝ ወለወልኩት፣ ይህንንም እሱ ነው ያሳየኝ፤ ተነሳች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። ነርሷ ከሰላም ራስጌ አልተነሳችም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሰላም ዓይኗን ገልጣ፣ ጭቃዬን አይታ፣ “እማዬ፣ ማን አቦካሽ?” አለችኝ።

ሞተሯን የዚያኑ ሳምንት ወስጄ ጂግሶ አጥር ላይ አስደግፌ፣ ሳልጣራ ተመለስኩ። ልጄ ብትድንም ልቤ አልለቀቀውም ነበር። ወር ሳይሞላ የሚስቱ ወንድም ሞተሯን እየገፋ እኔ ደጅ አመጣት። ጂግሶ ከእንግዲህ ለእኔ አታስፈልግም፣ ለሰላም እናት ትሁን ብሏል አለኝ። እንዲህ ነው ሞተሯ ቤቴ የገባችው።

የካቲት ላይ ገበያ ተቀምጬ ቅቤ ስመዝን አንዲት ሴት ጎኔ ቁጭ አለች። ጂግሶ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ሰምተሻል? አለችኝ። ልክ በዚህ ቃል። ሁለቱም ዓይኑ፣ በሰው እጅ ነው የሚወጣ የሚገባው አለች። ሚዛኑ ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮዬን ኑሮ አልለውም። ሰላም ስትስቅ እሱ ይመጣብኛል። ሰላም ስትበላ፣ አድጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ስትወጋ፣ ይህን ያየሁት በሰው ዓይን ነው እላለሁ። በእሱ ሞተር እየሄድኩ፣ በእሱ መንገድ፣ እሱ ባስተማረኝ እጅ መድኃኒት አመጣለሁ፤ እሱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝና ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ፤ መሄዱን አልቻልኩም። አንድ ቀን አጥሩ ድረስ ደርሻለሁ። ውስጥ ከሰው ጋር ሲስቅ ሰማሁት። ሳቁ እንደ ድሮው ነበር፤ ሳልጣራ ተመለስኩ።

በየመኸሩ ገብስ እልክለታለሁ፣ በሰው እጅ። ገብሱን የወሰደው ሰው ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ መልእክት ይዞ ይመጣል። ጂግሶ ሰላም ብሎሻል፤ ያን ቀን ያልሽውን መጥተሽ ድገሚልኝ ብሏል፤ ይለኛል። ሦስት መኸር፣ ሦስት ጊዜ። ያልሽውን ድገሚልኝ። እኔ እንዴት እንደሰማሁት አስቡት። ወንድ ከሆንሽ ፊቴ ቆመሽ ድገሚው፣ ያሳወርሽውን ሰው እያየሽ ድገሚው፤ እንዲህ ነው የሰማሁት። በአራተኛው ዓመት ሞተሯን ለሚስቱ ወንድም መለስኩ፣ ቤቴን ዘጋሁ፣ ሰላምን ይዤ ዲላ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ሰዎች ለሆስፒታሉ ቀርባ ነው አሉ። እውነት ነው፤ ግን ሽሽትም ነበር። እዚህም ድረስ ከቡሌ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። አንድ ጊዜ ወናጎ ሠርግ ተጠርቼ፣ ሚስቱ ማርታ ከሩቅ እጇን ስታወዛውዝልኝ አይቼ፣ ሳልበላ ከድንኳኑ በጓሮ ወጥቻለሁ።

እንግዲህ በቀደም ስልኩ ተደወለ። ሞተ ከተባለ በኋላ መፍራት ምን ያደርጋል። በማግስቱ በሚኒባስ ቡሌ ወጣሁ።

ማርታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች። የሰላም እናት መጣሽ፣ አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ እጇን አልያዝኩም፤ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ረግሜዋለሁ አልኳት። አልገባትም፤ መቼ አለችኝ። ሰላም ልትሞት የነበረ ቀን፣ እዚሁ ደጅ፣ ዓይንህ ይፍሰስ ብዬዋለሁ፣ እሱም አሜን አለ፣ አልኳት።

 ማርታ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞራ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሴትዮዋ በሹክሹክታ መለሰችላት። የማርታ ፊት ተለዋወጠ።

“እርግማን ነው እንዴ?” አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ በነበረው ሐምሌ ላይ፣ ጂግሶ የሰላምን መድኃኒት ሊያመጣ ዲላ በወረደበት ቀን፣ ጎንና ጎኑ አልታይ እያለው ስለነበር እግረ መንገዱን ዓይኑን ታይቷል። ሐኪሙ፣ ዓይንህ ውስጥ ውኃ ታጉሯል፣ መውረጃው ተደፍኗል፤ ይህ ውኃ ካልፈሰሰ ዓይንህ ይሞታል፣ ሞተርም ተው አለው። ጠብታ ሰጡት። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄደው፣ ለሰላም፣ ነሐሴ ላይ፤ ወድቆ ተላልጦ ተመለሰ። ለእኔ እንዳትናገር ማርታን አስምሏታል፤ ዕውር እያስተማረኝ ነው ካለች ትፈራና ትተዋለች ብሎ።

“ሰላም ልትሞት የነበረ ቀን ከእንሰት ማሳው ስመለስ ደስ ብሎት አገኘሁት” አለችኝ ማርታ። “‘የሰላም እናት ጸለየችልኝ’ አለኝ። ‘ማንም ሳይነግራት አወቀች። የራሷ ልጅ እየሞተች ለእኔ ተንበረከከች፣ ዓይንህ ይፍሰስ አለችኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።’ ኋላ እየጨለመበት ሲሄድ ደግሞ፣ ‘አንድ ጊዜ ብቻ ስላለችው ነው፤ መጥታ ብትደግምልኝ ውኃው ይፈስ ነበር’ ይለኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ እንዲያ ይል ነበር።”